ካፓኖሪ፤ ቆሻሻዋን የምታነብ ከተማ

ስለ አንዲት ከተማ ካልነገርኳችሁ አላርፍም! ካፓኖሪ ትባላለች። ስሟን ሰምታችሁ ካላወቃችሁ አይድነቃችሁ። ጣልያን ሲነሣ ሮማ ትነሣለች፣ ሚላኖ ትነሣለች፣ ቬኒስ ትነሣለች፤ ካፓኖሪን የሚያነሣ የለም። በቶስካና ክልል፣ በታላቁ ግንቧ ከምትታወቀው ከሉካ በስተ ምሥራቅ የምትገኝ፣ ወደ 46 ሺሕ ሰው የሚኖርባት፣ አርባ ያህል መንደሮች ተደምረው የሠሯት ትንሽ ከተማ ናት። ለጎብኚ በሚዘጋጅ መጽሐፍ ውስጥ ብትገባ እንኳ በአንድ መስመር የምትታለፍ ዓይነት። እኔ ግን ታሪኳን አንብቤ ስጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩት፤ ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ «ካፓኖሪን ታውቃለህ?» እያልኩ አስቸግራለሁ። አሁን ተራው የእናንተ ነው።

ምን አደረገች? እ.ኤ.አ. በ2007 ከአውሮፓ ከተሞች ሁሉ ቀድማ ወደ መቅበሪያ የምትልከውን ቆሻሻ እስከ 2020 ወደ ዜሮ ለማውረድ ቃል ገብታ ፈረመች። ከተማ ቃል ሲገባ ሰምተናል፤ ብርቅ አይደለም። ብርቁ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በ2004 አንድ የካፓኖሪ ነዋሪ በአማካይ በቀን 1.92 ኪሎ ቆሻሻ ያወጣ ነበር። በ2012 ይህ ቁጥር ወደ 1.18 ኪሎ ወረደ። ልብ በሉ፤ ኑሮ ሳይጎድል፣ ማንም ሳይራብ፣ በስምንት ዓመት ውስጥ አርባ በመቶ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ቆሻሻ ከምድረ ገጽ ጠፋ! ከሚወጣው ውስጥ ደግሞ 82 በመቶው ገና ከቤት ሳይወጣ በዓይነት በዓይነቱ የተለየ ሆነ። ሳይለይ የሚጣለው በነፍስ ወከፍ በ2006 በዓመት 340 ኪሎ ነበር፤ በ2011 ወደ 146 ኪሎ ዝቅ አለ።

ይህን ያመጣው ግዙፍ ማሽን ነው ብላችሁ ከገመታችሁ ተሳስታችኋል። እንዲያውም ታሪኩ የሚጀምረው ግዙፍ ማሽን እምቢ ከማለት ነው።

መምህሩ

መምህር ሮሳኖ ኤርኮሊኒ ይባላሉ፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበሩ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በካፓኖሪ አካባቢ የቆሻሻ ማቃጠያ ፋብሪካ ሊተከል ታቀደ። በጊዜው ማቃጠያ ማለት ሥልጣኔ ማለት ነበር። ቆሻሻው ይነዳል፣ ከእሳቱ ኤሌክትሪክ ይገኛል፣ ከተማው ይጸዳል፤ ማን ይጠላዋል? መምህሩ ግን ያሰቡት በአካባቢው የሚማሩትን ሕፃናት ነው። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ምንድን ነው? አመዱስ የት ይቀበራል? እሳት ሁሉን ያጠፋል ቢባልም፣ ቆሻሻ ሲቃጠል ከክብደቱ ሩብ የሚጠጋው አመድ ሆኖ ይቀራል፤ እሱም መቅበሪያ ይፈልጋል።

መምህሩ ጩኸት ብቻ አላሰሙም። መጀመሪያ ተማሩ። በኒውዮርክ ግዛት በሚገኘው ሴንት ሎረንስ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ያስተምሩ የነበሩትን፣ በማቃጠያ ጉዳይ ዓለም የሚያውቃቸውን ፕሮፌሰር ፖል ኮኔትን ለእርዳታ ፈለጉ። ከዚያ የተማሩትን ይዘው ወደ ጎረቤቶቻቸው ሄዱ፤ አስረዱ፣ ተከራከሩ፣ አሳመኑ። ሕዝቡም ተነሣ፤ ማቃጠያውም ሳይተከል ቀረ።

ብዙ ትግል እዚህ ላይ ያበቃል። እምቢ ተብሎ፣ አሸንፎ ወይም ተሸንፎ፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል። እኔን ከካፓኖሪ ጋር በፍቅር የጣለኝ ግን የሚቀጥለው ነው! ማቃጠያውን እምቢ ያሉት ሰዎች፣ «ታዲያ ቆሻሻውን ምን እናድርገው?» የሚለውን ጥያቄ ለሌላ አልተዉትም። የራሳቸው ጥያቄ አድርገው ተቀበሉት። የተቃወሙት መምህር መልሱን የማምጣት ኃላፊነትም ወደቀባቸው፤ እሳቸውም ጫንቃቸውን ሰጡ። ተቃውሞ እንዲህ ሲሆን እንዴት ደስ ይላል!

በር ማንኳኳት

መልሱ ቀላል ይመስላል፦ ቆሻሻን በመንገድ ዳር ገንዳ ከማጠራቀም ከየቤቱ ደጃፍ፣ በዓይነት ተለይቶ መሰብሰብ። ርጥቡ ለብቻ፣ ወረቀቱ ለብቻ፣ ጠርሙሱ ለብቻ፣ ፕላስቲኩና ቆርቆሮው ለብቻ፣ የማይረባው ቀሪ ለብቻ፤ እያንዳንዱም ዓይነት የራሱ ቀን አለው።

የገንዳውን ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። ገንዳ ባለቤት የለውም። ማን ምን እንደጣለበት አይታወቅም፤ የማይታወቅ ሰው ደግሞ አይጠነቀቅም። አንድ ሰው የሽሮ ቅሪት ያለበትን ፌስታል ወረቀት ላይ ከደፋ የሌሎቹ ሁሉ ልፋት ገደል ገባ። ቆሻሻው ከገዛ ደጃፍህ ሲነሣ ግን የአንተ ነው። ሰብሳቢው ያውቅሃል፣ ጎረቤትህ ያይሃል፤ የተለየውም ንጹሕ ስለሆነ ፋብሪካ ገንዘብ ከፍሎ ይገዛዋል። ወረቀት ከወረቀት ጋር ብቻ ሲሆን ጥሬ ዕቃ ነው። ከምግብ ትራፊ ጋር ሲለወስ ቆሻሻ ነው። ልዩነቱን የሚፈጥረው ማእድ ቤት ውስጥ የሚያልፈው አንድ ሰከንድ ነው!

አሠራራቸውን ደግሞ ተመልከቱ። መመሪያ አውጥተው «ከሰኞ ጀምሮ ተፈጻሚ ይሆናል» አላሉም። ከ2005 እስከ 2010 ድረስ ደረጃ በደረጃ ሄዱ፤ የጀመሩትም ከትንንሾቹ መንደሮች ነው። ለምን? ስሕተት ቢኖር በትንሹ ይታያል፣ ሳይስፋፋም ይታረማል። በየመንደሩ ስብሰባ ጠርተው ሐሳብ ጠየቁ። ማብራሪያ በየቤቱ ላኩ። ከዚያ በፈቃዳቸው የተሰለፉ ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ የመለያ ዕቃዎቹንና ከረጢቶቹን በነፃ እያደሉ፣ ምን የት እንደሚገባ ፊት ለፊት አስረዱ፤ የተጠየቁትንም መለሱ።

አስቡት እስኪ፤ አንዲት አሮጊት በራቸውን ሲከፍቱ የሚያዩት ቅጣት የሚያስፈራራ ደንብ አስከባሪ አይደለም። የሚያውቁት የመንደራቸው ልጅ ነው፤ ባልዲ ይዞ። ማን እምቢ ይላል? የሮማው ላ ሳፒየንዛ ዩኒቨርሲቲ ባካሄደው ጥናት በካፓኖሪ 99 በመቶው ነዋሪ ቆሻሻውን እንደሚለይ ታየ። ዘጠና ዘጠኝ በመቶ! በምን ጉዳይ ላይ ነው ዘጠና ዘጠኝ በመቶ ሰው የሚስማማው?

ይህ ሁሉ ገንዘብ በላ እንዳትሉኝ፤ ገንዘብ ወለደ! በ2009 ብቻ ለመቅበሪያ ሳይከፈል በቀረው ሒሳብና ከተሸጠው ጥሬ ዕቃ የከተማው ምክር ቤት ከ2 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተረፈው። በዚያ ገንዘብ የነዋሪው የቆሻሻ ክፍያ መደበኛ ሒሳብ በ20 በመቶ ተቀነሰ፤ 50 ሰዎችም በአካባቢው የቆሻሻ አሰባሳቢ ድርጅት ሥራ አገኙ። ከዚህ በፊት መሬት ውስጥ ይቀበር የነበረ ብር ነው እንግዲህ ደመወዝ ሆኖ የወጣው።

ከረጢቱ ሲፈታ

አሁን ወደ ዋናው መጣሁ። እዚህ ላይ ስደርስ ነው ከወንበሬ የተነሣሁት።

ሌላ ከተማ 80 በመቶውን ከለየ በኋላ ዋንጫውን ተቀብሎ ይቀመጣል። ካፓኖሪ ግን የቀረውን 18 በመቶ አነሣችና «ይህ ለምን ቀረ?» ብላ ጠየቀች። በ2010 የዜሮ ቆሻሻ የምርምር ማእከል አቋቋመች። ሥራው ምን መሰላችሁ? ሊለይ አልቻለም ተብሎ የተጣለውን ቀሪ ከረጢት መፍታት! የሌላው ዓለም ተመራማሪ ከዋክብትን ይመለከታል፤ እነዚህ ጓንት አጥልቀው የማንም ዓይን የማያርፍበትን ነገር አንድ በአንድ ያነባሉ። እያንዳንዱን ዕቃ እያነሡ ይጠይቃሉ፦ ይህ ምንድን ነው? ከምን ተሠራ? ለምን የትኛውም ባልዲ ውስጥ ሳይገባ ቀረ? ጥፋቱ የጣለው ሰው ነው ወይስ የሠራው ፋብሪካ?

ካገኙት መካከል የቡና ካፕሱል ነበር። ይህን እኛ ልብ ብለን ልንሰማው ይገባል፤ ቡና የኛ ነውና። ካፕሱል ማለት ለአንድ ስኒ ቡና ብቻ የምትሠራ የአውራ ጣት ያህል የፕላስቲክ ወይም የአሉሚኒየም ዕቃ ናት። ማሽኑ ውኃውን በኃይል ያሳልፍባታል፣ ስኒው ይሞላል፣ እሷ ትጣላለች። ውስጧ ርጥብ አተላ፣ ውጯ ፕላስቲክ። ከርጥቡ ጋር ብትጥላት ፕላስቲኩ ብስባሹን ያበላሻል። ከፕላስቲኩ ጋር ብትጥላት አተላው ፕላስቲኩን ያበላሻል። እንግዲህ ጠዋት ቡናውን የጠጣው ሰው ምን ያድርግ? ምንም! ዕቃው ገና ሲነደፍ ጀምሮ መጣያ እንዲሆን ተወስኖበታል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው፤ ፋብሪካው ባጠፋ ተጠቃሚው ይወቀሳል።

የካፓኖሪ ሰዎች ዝም አላሉም። ብዕር አንሥተው ለቡና ኩባንያዎቹ ጻፉ፤ ላቫዛን ለመሰለ ስሙ ከጣልያን አልፎ ለሚሰማ ኩባንያ! ይህን ዕቃ እኛ ልንለየው ስለማንችል እናንተ አሠራሩን ለውጡት አሉ፤ ስለ አማራጭም መነጋገር ተጀመረ። አርባ መንደር ያላት ትንሽ ከተማ ዓለም አቀፍ ነጋዴን ቆሻሻ መቁጠሪያ ጠረጴዛዋ ድረስ ጠራችው። እኛ ደግሞ በጀበና አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን ሦስት ጊዜ አፍልተን፣ የቀረውን አተላ አትክልት ሥር የምንደፋ ሰዎች ነን። የቡና ሥርዓታችን ከመነሻው ዜሮ ቆሻሻ ኖሯል! ይህን ሳነብ የተሰማኝን ኩራት ልደብቅ አልችልም።

ሌላው ከከረጢቱ በብዛት የወጣው ዳይፐር ነው። እዚህም ላይ እናቶችን አልወቀሱም። ማዘጋጃ ቤቱ ታጥቦ ዳግም የሚያገለግል ዳይፐር ለሚገዙ ቤተሰቦች ድጎማ አደረገ። መጀመሪያ ከረጢቱን አነበቡ፣ ቀጥሎ ምክንያቱን አገኙ፣ ከዚያ መፍትሔውን አመጡ። ከተማ እንዲህ ሲያስብ አይቼ አላውቅም።

ወተት፣ ሱቅ፣ አሮጌ ወንበር

ዝርዝሩ አያልቅም፤ የወደድኳቸውን ልንገራችሁ።

ወተት። በከተማው ውስጥ ሰው የራሱን ጠርሙስ ይዞ ሄዶ ከማሽን የሚቀዳበት ጣቢያ ተከፈተ። ወተቱ ከአካባቢው ከብት አርቢዎች የሚመጣ ነበር። በቀን 200 ሊትር ያህል ይሸጥ ነበር፤ ከገዢዎቹ 91 በመቶው የራሳቸውን ዕቃ ይዘው የሚመጡ ነበሩ። በዚህ ብቻ በዓመት ወደ 90 ሺሕ የሚጠጋ ጠርሙስ ሳይጣል ይቀር ነበር። ገበሬው ያለ ደላላ ይሸጣል፣ ጠጪው ትኩስ ይጠጣል፣ ጠርሙሱ ዕድሜው ይረዝማል። ማን ተጎዳ?

ሱቅ። ኤፌኮርታ የሚባል ሱቅ ተከፈተ፤ ከ250 በላይ የአካባቢ ምርት ያለ ማሸጊያ እየሰፈረና እየመዘነ የሚሸጥ። ፓስታው፣ ጥራጥሬው፣ ዘይቱ፣ ወይኑ፣ ሳሙናው ሁሉ በየዕቃህ ይቀዳልህ ነበር። አውሮፓውያን ይህን እንደ አዲስ ግኝት አወሩለት። እኛ ደግሞ ምስሩን በጣሳ፣ ዘይቱን በጠርሙስ ይዘን ሄደን ስንገዛ ያደግን ሰዎች ነን! ዛሬ ዛሬ ሁሉን በፌስታል መቋጠር ጀመርን እንጂ፣ ዘዴው እጃችን ላይ የነበረ ነው።

አሮጌ ዕቃ። በ2011 ላማሪ በምትባለው መንደር የዳግም መጠቀሚያ ማእከል ተከፈተ። ልብሱ፣ ጫማው፣ አሻንጉሊቱ፣ ወንበሩ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃው ከመጣል ይልቅ እዚያ ይመጣል። የተሰበረው ይጠገንና አቅም ለሌለው በትንሽ ዋጋ ይሸጣል። በ2012 ብቻ 93 ቶን ያህል ዕቃ በዚህ ማእከል አለፈ። ከጎኑም የልብስ ስፌት፣ የእንጨት ሥራ፣ የወንበር ልብስ ሥራ ሥልጠና ይሰጥበታል። ዕቃው ሁለተኛ ዕድሜ ያገኛል፤ ወጣቱ የእጅ ሙያ ያገኛል።

ብስባሽ። ግቢ ላላቸው ቤቶች የብስባሽ ማዘጋጃ ዕቃ በነፃ ታደለ፤ አጠቃቀሙንም አሠለጠኗቸው። ከ2 ሺሕ በላይ ቤተሰቦች ወሰዱ። በትክክል ለተጠቀሙበት ከቆሻሻ ክፍያቸው 10 በመቶ ተቀነሰላቸው። የድንች ልጣጩ መኪና ሳይጫን፣ ነዳጅ ሳያቃጥል፣ እዚያው ግቢ ውስጥ አፈር ሆኖ ሰላጣ ያበቅላል።

መጨረሻ ላይ ፍትሕ። ከ2012 ጀምሮ በአንዳንድ መንደሮች፣ ቀጥሎም በሰፊው፣ የጣልከውን ያህል ክፈል የሚለው አሠራር መጣ። በቀሪው ቆሻሻ ከረጢት ላይ ትንሽ ቺፕ ያለበት ምልክት ይለጠፋል፤ ሰብሳቢው መኪና ሲያነሣው ያነበውና የማን እንደሆነ ይመዘግባል። ብዙ የጣለ ብዙ ይከፍላል፣ ትንሽ የጣለ ትንሽ። ሙከራው በተደረገባቸው መንደሮች የመለየቱ ሥራ እስከ 90 በመቶ ደረሰ። የዓመቱን ሒሳብ ለድሃውም ለሀብታሙም እኩል ከማካፈል ይህ እንዴት ያለ ርቱዕ ነው!

ናፖሊና ካፓኖሪ፣ አንድ አገር ሁለት ዕጣ

ይህ ሁሉ የሆነበትን ጊዜ ካላስታወስኩ ታሪኩ አይሟላም። በዚያው በ2007 መጨረሻና በ2008 በዚያችው ጣልያን፣ በናፖሊና በአካባቢዋ፣ መቅበሪያው ሞልቶ ቆሻሻ አንሺ ጠፋ። በየመንገዱ ክምር በክምር ላይ ተነሣ፣ ሰው በንዴት አቃጠለው፣ ወታደር ተጠርቶ እንዲያነሣ ታዘዘ። ቆሻሻው በባቡር ተጭኖ እስከ ጀርመን ድረስ ተላከ! የዓለም ጋዜጠኛ ሁሉ ካሜራውን ይዞ ናፖሊ ወረደ። በዚያን ሰዓት ካፓኖሪ ከንቲባዋ ጆርጆ ዴል ጊንጋሮ በፈረሙት ቃል መሠረት በጸጥታ መንደር ለመንደር በር ታንኳኳ ነበር። ሕጉ አንድ፣ መንግሥቱ አንድ፣ ሕዝቡ አንድ። ልዩነቱ አንዱ ዘንድ ነዋሪው ቀድሞ መመከሩ ነው።

ኋላ ግን ዓለም አየ። በ2013 መምህር ኤርኮሊኒ ለአካባቢ ተቆርቋሪዎች የሚሰጠውን ታላቁን የጎልድማን ሽልማት ተቀበሉ። የካፓኖሪን መንገድ የተከተሉ የጣልያን ከተሞችና የገጠር ማዘጋጃ ቤቶች ከ300 በላይ ሆነዋል። በ2020 ሙሉ ዜሮ ላይ የመድረስ ግቧን አልመታችም፤ ይህ ግን በእኔ ዘንድ ከክብሯ ቅንጣት አይቀንስም። ዜሮን ያለመችው ከተማ ከአሥሩ ስምንቱን ከመቃብር አዳነች፤ ያላለመችው አሥሩንም ትቀብራለች።

ወደ ቤታችን

ለምን ይህን ሁሉ አወራሁ? ቆሻሻ ሰው እንደሚገድል እኛ ከማንም በላይ እናውቃለንና። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባው ቆሻሻ መጣያ፣ ቆሼ ላይ፣ የብዙ ዓመት ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀበረ። ብዙዎቹ በዚያ ክምር ሥር ቤት ሠርተው፣ ከዚያው እየለቀሙ የሚተዳደሩ ነበሩ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ቆሼ በሚገኝበት በረጲ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ፋብሪካ ተመረቀ። የከተሞቻችን ቆሻሻ አብላጫው ግን የምግብ ትራፊ፣ ልጣጭና ቅጠል ነው፤ ርጥብ ነው። ርጥብ ነገር ስታነድ እሳቱ ጉልበቱን የሚጨርሰው ውኃውን በማትነን ነው። ይኸው ርጥብ ወደ አፈር ቢመለስ ግን ማዳበሪያ ነው፤ ማዳበሪያ በተወደደበት አገር!

ደግሞም ከዜሮ አንጀምርም። ካፓኖሪ አምስት ዓመት የፈጀባት ቤት ለቤት መሰብሰብ በአዲስ አበባም በሌሎች ከተሞቻችንም አለ፤ ጋሪ እየገፉ በር የሚያንኳኩት የማኅበር ልጆች እነማን ናቸው? የጎደለው መለየቱ ብቻ ነው። «ቁራሌው!» እያለ የሚዞረው ወጣት የመልሶ መጠቀምን ሥራ ማንም ሳይቀጥረው ይሠራዋል። ልዋጮች አሮጌ ልብሳችንን በሳህንና በባልዲ ይለውጣሉ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ብትሄዱ የዘይት በርሜል ምጣድና ምድጃ ሆኖ ሲወጣ፣ ቆርቆሮ በመዶሻ ሲዘመር ታገኙታላችሁ። ላማሪ እ.ኤ.አ. በ2011 የከፈተችውን ማእከል እኛ ከአያቶቻችን ዘመን ጀምሮ ይዘነው ኖረናል! የጎደለን ለእነዚህ ሰዎች የሚገባውን ክብርና ቦታ መስጠት፣ ንጹሕ የተለየ ዕቃም ማቀበል ነው። የካፓኖሪ አሠራር ቢመጣ ቆሼ ላይ ይለቅም የነበረ ሰው በደጃፋችን፣ በንጹሕ እጅ፣ በደመወዝ ይሠራ ነበር።

ትንንሾቹ ከተሞቻችን ደግሞ ከአዲስ አበባ የተሻለ ዕድል አላቸው። ካፓኖሪ ትንሽ በመሆኗ ነው የቻለችው፤ ሰው ይተዋወቃል። ደብረ ማርቆስም በለው ወሊሶ፣ አርባ ምንጭም በለው ወልዲያ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ይተዋወቃል፣ ዕድር አለ፣ የሴቶች ማኅበር አለ፣ ትምህርት ቤት አለ። መምህራንም አሉን። አንድ ሰፈር ይጀምር፣ ስሕተቱን ያርም፣ ከዚያ ሁለተኛው ይከተል። አምስት ዓመት ይፍጅ፤ ካፓኖሪም አምስት ዓመት ፈጅቶባታል።

እንግዲህ እናንተ ይህን ያነበባችሁ፣ የከተማ ከንቲባ ከሆናችሁ የካፓኖሪን ሰዎች ጠርታችሁ አነጋግሩ፤ ሚሊዮኖች ለሚያወጣ ማሽን ከመፈረማችሁ በፊት ግን የመንደራችሁን ሰዎች አነጋግሩ። የዕድር ሰብሳቢ ከሆናችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ አድርጉት። መምህር ከሆናችሁ ከሁሉ በላይ ለእናንተ እላለሁ፤ ይህን የጀመረው የእናንተው ሙያ ሰው ነው። ሌላው ሁላችን ደግሞ ነገ ጠዋት ማእድ ቤታችን ውስጥ ሁለት ዕቃ እናስቀምጥ፣ አንዱ ለርጥብ፣ አንዱ ለደረቅ። ቆሻሻ አንሺዎቹ ልጆች ሲመጡም ለይተን እንስጣቸው፤ ስማቸውንም እንጠይቃቸው።